በሞስኮ በረዶ የሚጠርገው የቄስ ልጅ

ፊደል ያለ መምህር የቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ በደርግ ጊዜ ለቀበሌው ሁሉ ጋዜጣ የማነብ እኔ ነበርሁ፣ በላስታም በነገር የረታኝ የለም። ያን ጊዜ አንድ ቀን ከጋሸና ወደ ላሊበላ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከፊቴ አንድ ቄስና ከሞስኮ ተምሮ የመጣ ጎልማሳ ያወሩ ነበር።

«ልጄም እዚያው ነው፤ መንግሥት ልኮት። ከትምህርት በፊት በረዶ እጠርጋለሁ ብሎ ጻፈልኝ።»

«እኔም ጠርጌያለሁ፣ መምሬ። የሚሰጡን ገንዘብ ለልብስ አይበቃም። በረዶው ደግሞ እስከ ጉልበት ይደርሳል።»

«እስከ ጉልበት?»

«አንዳንዴም ያልፋል።»

«የቄስ ልጅ የሰው ደጅ ሊጠርግ! ተመለስ ብዬ ልጽፍለት ነው።»

«እርስዎ ቅኔ ሲማሩ ምን ይበሉ ነበር?»

«ለምኜ ያገኘሁትን ነዋ።»

«ውሻ አልነከሰዎትም?»

«ሁለቴ። ጠባሳው ይኸው።»

«ታዲያ ለምን ወደ ቤትዎ አልተመለሱም?»

«ቅኔው ሳያልቅ?»

ቄሱ ጠባሳቸውን ዳበስ አድርገው ጠየቁ።

«እዚያስ ውሻ አለ?»

«አለ፤ ግን ታስሮ ነው የሚሄድ።»

«እንግዲያ ከእኔ ይሻላል። በርታ ብለህ ጻፍልኝ።»

ላሊበላ ስንደርስ፣ ያለ መምህር ተማርሁ ባዩ እኔ ቀድሜ ወረድሁ፣ የቄሱን ጃንጥላ ተቀበልሁ፣ በሩ ላይ የሚጋፋውን ሰው ከለከልሁላቸው፣ መስቀላቸውንም ሁለት ጊዜ ተሳለምሁ።