ስለ ሊቀ መንበሩ ውሻ የደም ምርመራ ወረቀት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ካሳነሽ ተክለ ማርያም
ዕድሜ፦ 59
የትውልድ ቦታ፦ ቁሐር ሚካኤል
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ
ሥራ፦ በእንስሳት ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ
ቃል የተሰጠበት፦ መስከረም 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ነሐሴ 26 ቀን 1978 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የአምራቾች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አንለይ ጎበዜ ውሻቸውን ወደ ክሊኒኩ አመጡ። ውሻው ከአውራጃ የመጣ ትልቅ ሰው በስጦታ የሰጣቸው የፈረንጅ ዘር ነው። አንገቱ ላይ እብጠት ነበረው። የክሊኒኩ ሐኪም ደሳለው አበረ፣ እብጠቱን ቀዶ ለማውጣት ውሻው ሙሉ በሙሉ መደንዘዝ እንዳለበት፣ ከዚያ በፊት ግን ጉበትና ኩላሊቱ መድኃኒቱን መቻል አለመቻሉ በደም ምርመራ መታወቅ እንዳለበት ነገራቸው። ከፊት እግሩ ደም ወስዶ በብልቃጥ አድርጎ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ላከ። ውሻውን ይዤ ደሙን ያስወሰድኩ እኔ ስለሆንኩ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነሐሴ 30 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውጤቱ በዚያው አውቶቡስ መጣ። ከሾፌሩ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ፖስታው አልታሸገም ነበር። አታነብም ብለው ስለሚያስቡ ማንም ከእኔ ወረቀት አይደብቅም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድሞቼን ሁሉ አስተምረው እኔን ውኃ አስቀዱኝ። ፊደል የቆጠርኩት በ52 ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወረቀቱ «የውሻው ጉበት ታሟል፤ ሙሉ ማደንዘዣ ቢሰጠው ላይነቃ ይችላል፤ ታክሞ ከአንድ ወር በኋላ ደሙ እንደገና ይታይ» ይላል። አንብቤ ወደ ፖስታው መለስኩና ለደሳለው ሰጠሁት።

ጳጉሜ 3 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጓድ አንለይ መጡ። ደሳለው ወረቀቱን ሰጣቸው፤ ቆመው አነበቡት። ወለሉን እየጠረግኩ የሰማሁት የሚከተለው ነው። «ለውሻ ነው ደም ምርመራ? እኔ ሆዴን ስቀደድ ማን ደሜን አየልኝ?» አሉት። ደሳለው «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከተኛ ላይነሣ ይችላል» አላቸው። «ታዲያ የሰጠኝ ሰውዬ ለአብዮት በዓል ሲመጣ ውሻውን ዱባ አሸክሜ ላሳየው? አንተ መርፌህን ውጋ፣ ጥንቆላውን ተወው» አሉት። ደሳለው «እሺ» አለ። እሺ ማለቱን እኔ አልሸፍንለትም። ጓድ አንለይ ወረቀቱን ጨምድደው ወደ እኔ ወረወሩና «እንኪ፣ እሳት አያይዢበት» አሉኝ። የታናሽ ልጄ እኩያ ናቸው።

ውሻው መርፌውን ተወግቶ በዚያው ጠዋት ሞተ።

ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። የተጣለ ወረቀት እየሰበሰብኩ፣ ለንባብ መለማመጃ ቤቴ ግድግዳ ላይ በሊጥ የመለጠፍ ልማድ አለኝ። ይህንንም ለጠፍኩት።

ጓድ አንለይ፣ ደሳለው ደም ሳይመረምር ውሻዬን በአሻጥር ገደለ ብለው ከሰሱት፤ እስካሁን እንደታሰረ ነው። መስከረም 3 ቀን ባለቤታቸው ወ/ሮ እናኑ የበግ ወርች ይዘው ቤቴ መጡ። ካወቁኝ ስድስት ዓመት ነው፤ አንድም ቀን ሰላምታ ሰጥተውኝ አያውቁም። «እማማ ካሳነሽ፣ የዚያን ዕለት ክሊኒክ አልነበሩም አይደል?» አሉኝ። «ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር እንድል ነው?» ብላቸው «እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ሄዱ። ሥጋውን አልቀመስኩም። ምን እንደተነሰነሰበት አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን በውኃ አርሼ ከግድግዳው አንሥቻለሁ። አንድ ጠርዙ ተቀዷል፤ ጽሑፉና ማኅተሙ ደኅና ነው። ለመርማሪው ያስረከብኩት ግልባጩ ፊቴ ተጽፎና ተፈርሞ እጄ ከገባ በኋላ ነው።

መርማሪው ቃሌን ሊያነቡልኝ ሲሉ፣ ራሴ አነባለሁ ብዬ ተቀበልኳቸው። «እማማ፣ አሻራዎን ቢያሳርፉ ይበቃል» ብለውኛል። ሳነብ በሁለተኛው ገጽ «ጓድ አንለይ ወረቀቱን ስለማየታቸው እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል አገኘሁ። ይህን አላልኩም። እንዲሰረዝ፣ መሰረዙም እንዲጻፍ ጠይቄ ተሰርዟል፤ ከስርዙ ጎን ሁለታችንም ፈርመናል። የቀረው የእኔ ቃል ነው፣ እውነት ነው። ከፊርማዬ በታች አንድ ቃል ቢገኝ የእኔ አይደለም።

የምስክር ፊርማ፦ ካሳነሽ ተክለ ማርያም (በገዛ እጇ የጻፈችው)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አዛናው ውባየሁ (ፊርማ)