የሲስተር እታፈራሁ ጥርጣሬና የነርሶቹ ማኅበር

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሲስተር እታፈራሁ ከአባታቸው የወረሱት ብቸኛ ርስት ይመስላል። ስለዚህም ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደው ዓሣ ሲመርጡ፣ ከኋላቸው «ሲስተር፣ እንደምን አደሩ?» የሚል ድምፅ በሰሙ ጊዜ ከሰላምታው በፊት የመጣባቸው ሐሳብ «ይህችን ደግሞ ማን ላካት?» የሚል ነበር።

ሰላም ያለቻቸው ኑሪያ ናት። ታቦር ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ልጅ ስትሆን፣ ሲስተር እታፈራሁ የቀዶ ሕክምና ዎርድ ኃላፊ በሆኑበት የግል ሆስፒታል በነርስነት ትሠራለች። ሰሞኑን ነርሶቹን ለሠራተኛ ማኅበር እያሰባሰበች መሆኗን ያልሰማ የለም።

«ደህና አደርኩ፣ ልጄ። ዓሣ ፍለጋ ነው ወይስ ሰው ፍለጋ?»

«ለእናቴ ዓሣ ልገዛ ነው የመጣሁት። እርስዎን ማግኘቴ ግን መልካም ሆነ። ስለ ሃሴት ላነጋግርዎ አስቤ ነበር።»

የሃሴት ስም ሲነሳ ሲስተር እታፈራሁ ደነገጡ። ሃሴት እሳቸው አሠልጥነው ለሙያ ያበቋት ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሁለት ዎርድ ይዛ፣ አንዲት ደም የሚፈሳት ሴት ዘንድ ሳለች፣ በሌላው ዎርድ አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ዳይሬክተሩ ሲስተርን አስጠርቶ «ልጅቷ ቸልተኛ ናት ብለው ይመስክሩ» ብሏቸዋል። ከመሰከሩ ሃሴት ሥራዋን ታጣለች፤ የሙያ ፈቃዷም ያጠራጥራል። ካልመሰከሩ ደግሞ ጡረታቸው ደርሷል፤ ከዳይሬክተር ጋር ተጣልቶ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል።

ሁለቱም ከጫጫታው ራቅ ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ማኅበራችን ሰኞ ከሃሴት ጎን ይቆማል» አለች ኑሪያ። «እርስዎም አባል ሆነው ቢገኙልን ብለን ነው።»

«ጀማሪ ሳለሁ የማኅበር አባል ነበርኩ፣ ልጄ። ሊቀመንበራችን እኛን መሰላል አድርጎ ወጣ፤ ቢሮ ካገኘ በኋላ ሰላምታችንን እንኳ አይመልስም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ደግሞስ እናንተ አድማ ስትመቱ በሽተኛውን ማን ሊያየው ነው?»

«ማኅበር ሁሉ ለአድማ አይቋቋምም፣ ሲስተር። የሙያ ማኅበሩ ሥልጠና እንድናገኝና ሙያችን እንዲከበር ይሠራል። የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ ይደራደራል። የመጀመሪያ ጥያቄያችንም አንድ ነርስ ሁለት ዎርድ አትያዝ የሚል ነው። ይህ ለበሽተኛው አይደለም?»

«አሁን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትዪኝ ነው። እስከ ዛሬ በድር የታሰረ አንበሳ አላየሁም።»

ኑሪያ ሳቀች። ሲስተር ግን አልሳቁም፤ የልጅቱን ፊት ይመረምሩ ነበር።

«የሰው እጥረቱን ለዳይሬክተሩ ነግረውት አያውቁም?»

«ደጋግሜ ነው የነገርኩት። ኮሪደር ላይ አስቁሜው ጭምር።»

«ማን ሰማ?»

«እኔና እሱ።»

«አሁንስ ምን ይላል?»

ሲስተር እታፈራሁ ሐይቁን ማየት ጀመሩ። «አልነገሩኝም ይላል» አሉ።

«ሃሴትም ተራዋን ስትረከብ ዎርዱ ሰላም ነው ብላለች። ሰኞ የሚይዟት በዚህ ነው።»

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎዳቸው። በዚያ ዎርድ በርክክብ ሰዓት፣ ሰው ቢያንስም አልጋ ቢሞላም፣ በሐኪሞች ፊት «ሰላም ነው» ማለት ልማድ ነው። ልማዱን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ብሶትን በሐኪም ፊት መዘርገፍ የነርስን ገመና መግለጥ ይመስላቸው ነበር። ለክብር ብለው ያስተማሩት ዝምታ እነሆ ባሠለጠኗት ልጅ ላይ ምስክር ሆኖ ሊቆም ነው።

«እኛ እርስዎን አንወቅስም» አለች ኑሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ብቻዋን የተናገረች ነርስ ነገረኛ ትባላለች። ማኅበር ሲናገር ግን ነገሩ የአንዲት ሴት ጠባይ መሆኑ ይቀርና የሥራ ጉዳይ ይሆናል።»

«አንቺስ? ነገ ሊቀመንበር ሆነሽ እንደዚያ ሰውዬ ብትረሺን?»

«ልረሳ እችላለሁ። የምንፈልግዎም ለዚሁ ነው። የሚያምነን ሰው ሞልቶናል፤ የሚጠረጥረን ነው ያጣነው። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ይሁኑልን።»

ሲስተር እታፈራሁ ዕድሜ ልካቸውን ጥርጣሬያቸው መጥፎ ጠባይ ተብሎ ሲታሙበት ኖረዋል። ለሥራ ይጠቅማል ያለቻቸው ግን ይህች ልጅ የመጀመሪያዋ ናት። «በደንብ ነው የምቆጣጠርሽ» አሏትና ዓሣቸውን አንስተው ወደ ባጃጅ ሄዱ።

ሰኞ ከሌሎች የዎርድ ኃላፊዎችና ከማኅበሩ ተወካዮች ጋር ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። «ሰላም ነው ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል» አሉ። የሰው እጥረቱንም እያንዳንዱ ኃላፊ በየዎርዱ ያየውን መሰከረ። ኮሚቴው «ማን አጠፋ?» ማለቱን ትቶ «ስንት ነርስ ተመድቦ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ።

ከዚያ ወዲህ በርክክብ ሰዓት የጎደለው ሁሉ በግልጽ ይነገራል። ነርሷ ብትሳሳት በእሷ ላይ ብቻ አይፈረድም፤ በሽተኛውም ጥሪውን የሚሰማለት አያጣም። ይህን ያተረፈላቸው መሰባሰባቸው ነው። ተቆጣጣሪዋ ሲስተር እታፈራሁ ግን ዛሬም ኑሪያን በጎን ዓይን ያዩአታል፤ በየስብሰባውም በጥያቄ ያስጨንቋታል።

ሃሴት የመጀመሪያው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አልተገኘችም። ተረኛ ስለነበረች ዎርድ ውስጥ ነበረች፤ አብራትም ሁለተኛ ነርስ ነበረች።