እግራቸው የታጠበ እንግዳ

በገና ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፤ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ወይዘሮ ትርንጎ አረንጓዴው የግቢ በሯ ላይ መተላለፊያውን ዘግታ ቆማለች፤ ከፊቷ ቤተሰቡን ይዞ ከደሴ የመጣው ውብሸት ቆሟል።

ትርንጎ፦ ሰጠሁት አልኩህ እኮ። ስንቴ ልበልህ? ክፍሉ ሰው አለበት።

ውብሸት፦ እትዬ ትርንጎ፣ በስልክ የተነጋገርነው እንዲህ አይደለም። «ና፣ ክፍሉ ያንተ ነው» ብለውኛል። ቃልዎን አምኜ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ከደሴ ድረስ መጣሁ።

ትርንጎ፦ መቼ ልትመጣ ነበር የተነጋገርነው?

ውብሸት፦ ትናንት። ግን...

ትርንጎ፦ ግኑን ተወው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ክፍሉን ጠርጌ፣ አንሶላ ቀይሬ ስጠብቅህ ዋልኩ። ማደሪያ የሚለምነኝን ሰው ሁሉ መለስኩ። አንዱማ ሕፃን ያዘለች ሚስቱን እያሳየኝ ለመነኝ፤ «የሰው ነው» ብዬ ሰደድኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውብሸት፦ ሚኒባሱ ጋሸና ላይ ተበላሸብን። እዚያው መኪና ውስጥ ተኮራምተን ነው ያደርነው። የጋሸናን ብርድ መቼም ያውቁታል።

ትርንጎ፦ ስልክህም አብሮ ተበላሸ?

ውብሸት፦ ኔትወርክ አልነበረም።

ትርንጎ፦ ዋጋ ስትከራከረኝ ግን ጥርት ብለህ ትሰማኝ ነበር። «ለጭቃ ቤት ይሄን ያህል?» ስትለኝ አንዲት ቃል አልተቆረጠችም። ቁንጫ አለው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል፣ ትዝ ይልሃል? ሽንት ቤቱ ይሸታል ወይ አልከኝ። አንሶላው በምን እንደሚታጠብ ሳይቀር መረመርከኝ። ቤት ልትከራይ ሳይሆን ልጄን ልታጭ የመጣህ ነው የመሰለኝ።

ውብሸት፦ ልጆች ስላሉኝ ነው የጠየቅሁት። መጠየቅ ነውር ሆነ?

ትርንጎ፦ ነውር አይደለም። እኔም ሁሉንም መለስኩልህ። አንተ ደግሞ ቀርተህ መለስክልኝ።

ውብሸት፦ እሺ፣ ይሁን። ያለፈው አለፈ። አሁን የት ልሂድ? ከተማው ውስጥ አንድ ሆቴል ገብቼ ጠይቄ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ዋጋውን በዶላር ነገረኝ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ደሴ ነው አገሬ» ስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሊሰጣቸው ወደ ፈረንጆቹ ዞረ፤ ከነልጆቼ ቆሜ ቀረሁ። እዚያ አንድ ሌሊት ባድር ተመልሼ የቤት ኪራዬን የምከፍልበት አይተርፈኝም።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነው ጭቃ ቤቴ ዛሬ ያማረህ።

ውብሸት፦ ያማረኝ ለራሴ አይደለም።

ትርንጎ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሰው ተኝቷል።

ውብሸት፦ ማን ነው የተኛው? ለፈረንጅ ነው የሰጡት፣ አይደል? እርስዎም በዶላር ሸጡኝ። ልክ ነዎት፣ ማን ይጠላል።

ትርንጎ፦ ስማ አንተ ሰውዬ፣ በሬ ላይ ቆመህ አትሳደብ። ለአንዲት እናት ነው የሰጠሁት። ሰባራ ሳንቲም አልተቀበልኩም።

ውብሸት፦ በነፃ? እኔን ከፋዩን ትተው?

ትርንጎ፦ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በእግራቸው የመጡ ናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ እግራቸው ስላበጠ አልገባ ብሏቸው ነው። ግቡ ስላቸው «ልጄን ልጠብቅ» አሉኝ። «ቤት ገብተው ይጠብቁት» ብዬ እየጎተትኩ አስገባኋቸው። ውሃ ለብ አድርጌ እግራቸውን አጠብኩ፣ ሳምኩ፣ አልጋው ላይ አስተኛኋቸው። በቃ። እግሩን ያጠብኩት ሰው የቤቴ እንግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ንጉሥም ቢመጣ አላስነሳም።

ውብሸት፦ ለእኔ በተነጠፈው አልጋ ላይ።

ትርንጎ፦ አንተ ባልመጣህበት አልጋ ላይ።

ውብሸት፦ ቆንጆ ነው። እግር ማጠብ ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ቃል የገቡለትን ሰው አልጋ ለሌላ ሰጥቶ መጽደቅ አለ እንዴ?

ትርንጎ፦ እኔ ልጽደቅ አላልኩህም። እዚህ አገር ገና ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው። እናቴም በር ላይ ቆማ እንግዳ እየለመነች ነው የኖረችው፤ «እኔ ቤት ግቡ፣ እኔ ቤት ግቡ» እያለች ከጎረቤት ጋር ትሻማ ነበር። ቤት ማከራየትን ያስለመዳችሁን እናንተ ናችሁ። አምና ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ገንዘቡን ከፍለው ሲያበቁ ትራሴን ይዘውብኝ ሄዱ።

ውብሸት፦ እኔ የማንንም ትራስ አልሰረቅሁም።

ትርንጎ፦ አንተማ ገና አልገባህም።

ውብሸት፦ እትዬ፣ እየቀለዱብኝ ነው። ልጆቼ መኪናው ውስጥ ናቸው፣ ሾፌሩ ደግሞ ውረዱልኝ እያለ ነው።

ትርንጎ፦ ልጆቹ ምን በወጣቸው። እነሱን አምጣቸው፣ ከእኔ ልጆች ጋር ያድራሉ። ለአንተና ለሚስትህ ጓሮ ዳስ አለ። ጭድ ጎዝጉዤ ሰሌን አነጥፍበታለሁ፣ ብርድ ልብስ እጨምርላችኋለሁ። ክፈልም አልልህም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ውብሸት፦ እናቴስ?

ትርንጎ፦ የምን እናት? ስለ ቁንጫ ስትጠይቀኝ ስለ እናት አላነሳህም።

ውብሸት፦ «ቤተሰብ ነን» ብዬዎታለሁ። እናቴ በእግሯ እየመጣች ነው። በቆቦ በኩል፣ ተራራውን አቋርጣ። ስለት አለብኝ ብላ መኪናውን እምቢ አለች። ከትናንት ወዲያ አብሯት ያለው መሪጌታ ደውሎ «ሰዉ ደክሟል፣ ሙጃ ላይ አርፈን ነው የምንነሳው» አለኝ። ፈጠኑ ቢባል ነገ ነው የሚደርሱት። አልጋ ይዤልሻለሁ ብያታለሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ጭድ ላይ ላስተኛት?

ትርንጎ፦ ነገ ሲመጡ ነገ እናያለን።

ውብሸት፦ ነገ አሮጊቷ ትወጣለች?

ትርንጎ፦ በዓሉ ሳያልፍ አይወጡም።

ውብሸት፦ እንግዲያው ምኑን ነው የምናየው? አሁኑኑ ትውጣና ዳሱ ውስጥ ትተኛ። ሜዳ ለሜዳ እያደረች የመጣች ሴትዮ ናት፣ ለምዳዋለች። ጭዱ ለእሷ ፍራሽ ነው።

ትርንጎ፦ ቀስ ብለህ ተናገር ብዬሃለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።

ውብሸት፦ ትስማ። ምን ክፉ ተናገርኩ? እኔ ለእናቴ ነው የምሟገተው። ለእሷ የሚሟገት ልጅ ካላት የታለ? እናቱን በበዓል ቀን በሰው በር ላይ ጥሎ የሚጠፋ፣ እሱም ልጅ ተብሎ ይጠራል? እሱ ለጣላት እናት የእኔዋ ለምን ትንገላታ?

ትርንጎ፦ የማታውቀውን ሰው አትስደብ።

ውብሸት፦ ላውቀውም አልፈልግም። እንዲህ ያለው ሰው ወልዶም አያየው። እኔ እናቴን እንዲህ ከምተዋት አፈር ብገባ ይሻለኛል።

ትርንጎ፦ ዝም በል እስቲ። ከውስጥ እየጠሩኝ ነው። ይኸው ቀሰቀስካቸው። እዚህ ጠብቀኝ፤ ከዚህች ድንጋይ እንዳታልፍ።

ውብሸት፦ ይሂዱ፣ ይሂዱ። ባለ አልጋው መጥቷል ብለው ይንገሯት። ... እህ፣ ተመለሱ? ምን አለች?

ትርንጎ፦ ተኝተው አልነበረም። ሁሉንም ሰምተዋል። ጋቢያቸውን አጣጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አልጋውን ለሰውዬው ስጪው። እኔ ዳሱ ይበቃኛል፣ በእኔ የተነሳ አትጣሉ» አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ውብሸት፦ ይኸው! ከሁላችንም እሳቸው ይሻላሉ። መጀመሪያውኑ እሳቸውን ብንጠይቅ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልኖረ። እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

ትርንጎ፦ አሁን «እሳቸው» ሆኑ?

ውብሸት፦ ምን ልበል ታዲያ? ሰው መልካም ሲያደርግ ይመሰገናል።

ትርንጎ፦ ምስጋናህን ያዘው። እሳቸው እሺ ቢሉ እኔ እሺ አላልኩም። ያንን ያበጠ እግር አጥቤ ጭድ ላይ ከጣልኩት፣ ያጠብኩት ለምንድን ነው? ሂድ፣ ሌላ በር አንኳኳ።

ውብሸት፦ ያላንኳኳሁት በር የለም። እዚህ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ለምኛለሁ። ከብት የሚያድርበት ሳይቀር ሰው ሞልቶታል። እትዬ ትርንጎ፣ ተቆጥቼ ተናግሬ ይሆናል፣ ይቅር ይበሉኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ። እናቴን ቢያዩዋት እንዲህ አይጨክኑም። የእሷ እግር የመንገድ እግር አይደለም።

ትርንጎ፦ የመንገድ እግር ያለው ማን ነው?

ውብሸት፦ ይስሙኝ እንጂ። ሕፃን ሆኜ፣ ውሃ የፈላበት ድስት ከምድጃ ላይ ጎተትኩ። በእጇ ልትደርስልኝ ስላልቻለች እግሯን ሰደደችው። ውሃው በሙሉ እሷ ላይ ተገለበጠ። እኔን አንዲት ጠብታ አልነካችኝም። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን እየጠዘጠዛት ታድራለች፣ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። ስለቷም የእኔ ነው፤ አምና ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ «ልጄን ከማርክልኝ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ነው። በዚያች እግሯ! ለእንዲህ ያለች እናት አንድ አልጋ ብለምን ምን አጠፋሁ?

ትርንጎ፦ የትኛው እግራቸው ነው?

ውብሸት፦ ግራው። ምን ያደርግልዎታል?

ትርንጎ፦ ቆዳው የተሸበሸበ ነው? ትንሿ ጣት ከአጠገቧ ካለችው ጋር የተጣበቀች?

ውብሸት፦ ማን ነገረዎት?

ትርንጎ፦ ማንም አልነገረኝም። እንዳያማቸው ፈርቼ ያንን እግር መጨረሻ ላይ ነው ያጠብኩት። «አይዞሽ እጠቢው፣ ከዚህ የባሰ ውሃ አይቷል» ብለው ሳቁብኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ።

ውብሸት፦ አይሆንም። እሷ ሙጃ ናት። ነገ ነው የምትደርሰው።

ትርንጎ፦ ጓደኞቻቸው ሲያርፉ እሳቸው አላርፍም ብለው ከሌላ መንገደኛ ጋር ቀድመው መጥተዋል። ልጄ እኔን ሲጠብቅ እንዳይጨነቅ ብለው፤ እግራቸውን ሳጥብ ነግረውኛል።

ውብሸት፦ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው ብያት ነበር። ድልድዩን እንዳለፍሽ፣ አረንጓዴ በር።

ትርንጎ፦ አግኝተውታል። በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁህ።

ውብሸት፦ ታዲያ ለምን አልጠራችኝም? ድምፄን እኮ ታውቃለች። ስትሰማኝ «ውቤ» ብላ ለምን አልጠራችኝም?

ትርንጎ፦ በምን አፋቸው ይጥሩህ? እዚህ ቆመህ ስትናገር የነበረውን ረሳኸው?

ውብሸት፦ በሩን ይልቀቁልኝ፣ ልግባ።

ትርንጎ፦ ትገባለህ። አሁን በሩን አልዘጋብህም። ግን ቅድም እሳቸው ካሉኝ ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ ደክሟቸው የሚቃዡ መስሎኝ ነው የተውኩት። ልወጣ ስል ነጠላዬን ያዝ አደረጉኝና፣ «ልጄ ሲመጣ፣ ይሄ ሰውዬ የተናገረውን እንዳትነግሪው» አሉኝ።