የማይሰበረው ብሎን

በኅዳር መጨረሻ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ድንቅቱ መሆኗን ያወቅሁት እንጦጦን ካለፍን በኋላ ነው። የጎረቤቴ የኦቦ ጂሬኛ ልጅ ናት፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ስለ ማሽን ትማራለች።

«ጋሽ ተድላ፣ ወንድሜን አይተውታል?» አለችኝ።

«አላየሁትም» አልኳት። ፈርቼ ነው ያላየሁት። ወንድሟን ጋሮማን ከሦስት ሳምንት በፊት የመውቂያ ማሽን ቀኝ ክንዱን በልቶታል፤ በዚህ ነገር ደግሞ እኔ የለሁበትም ማለት አልችልም።

የማሽኑን ሞተርና ነዶውን የሚወቃውን ከበሮ የሚያገናኝ አንድ ለስላሳ ብሎን አለ። እርጥብ ነዶ ወይም ድንጋይ ሲገባ ብሎኑ ቅርጥፍ ይላል፤ ከበሮው ይቆማል፣ ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል። ኦቦ ጂሬኛ በዚህ ያፍሩ ነበር። አውድማ ሙሉ ሰው ፊት «ቆመ እኮ!» ሲባሉ የተሰደቡ ያህል ይሰማቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ጠንካራ ብሎን ይዤላቸው ሄድኩና፣ «ይኼ ከወደቀ አውሮፕላን ጎማ የተፈታ ነው። አውሮፕላኑ ዱቄት ሲሆን እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ተቀብለው አሳሰሩት።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ቆሞ አያውቅም። ጋሮማን ሲጎትተውም አልቆመም።

ቦርሳዋን ይዤላት ግቢ ስንገባ ኦቦ ጂሬኛ ማሽኑን ግሪስ እየቀቡ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አባኮ?» ብላ ድንቅቱ አባቷን ሰላም አለች።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ዝናቡ ሳይቀድመን ነገ እንወቃለን። ዱርሲቱ ነዶውን ለማሽኑ ታጎርሳለች።»

ዱርሲቱ የጋሮማ ሚስት ናት። በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ድንቅቱ ጎንበስ ብላ ብሎኑን ነካ አደረገችው። «ይኼ ሳይወጣ ማንም አያጎርስም።»

«ኮሌጅ የላክሁሽ ልታዢኝ ነው? ወንድምሽ ነው ያልተጠነቀቀው። ብሎኑማ አንድ ቀን እንኳ ተሰብሮ አያውቅም!»

«ጥፋቱ አለመሰበሩ ነው፣ አባኮ። የድሮው እንዲሰበር ነበር የተሠራው። እርጥቡ ነዶ ሲጠመጠም ለስላሳው ቢሆን ተቆርጦ ሞተሩንና ከበሮውን ይለያያቸው ነበር። ጣቶቹን ያተርፍለት ነበር አልልዎትም። ክንዱን እስከ ክርኑ ግን አይወስደውም ነበር።»

«እኔ ደካማ ነገር ቤቴ አላስገባም!»

«የመጣንበት ሚኒባስስ? ሹፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ ሞተሩን ከጎማው ባይለያይ፣ እንዴት ቆሞ ያወርደን ነበር?»

«እኔ ሹፌር አይደለሁም።»

«እሺ፣ ሐኪሙስ? የጋሮማ ክንድ የተበላው እስከ ክርኑ ነው፤ እሱ ግን ከዚያም ከፍ አድርጎ ቆረጠ። ለምን?»

ይቆረጥ ብለው የፈረሙት ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ።

«የበሰበሰው ወደ ሌላው ገላ እንዳይሄድ...» አሉ።

«ለይቶ አዳነው። እርስዎስ፣ የቦጂያና የኦዳ ቤተሰቦች ሊጋደሉ ሲሉ ምን ብለው ፈረዱ?»

ኦቦ ጂሬኛ በአካባቢው የተከበሩ አስታራቂ ናቸው። «እርቁ እስኪያልቅ በአንድ መንገድ አይሂዱ፣ ከአንድ ምንጭ አይቅዱ አልኩ።»

«ለምን?»

«የአንዱ ቁጣ ሌላውን እንዳይጎትት...» አልጨረሱትም። ዓይናቸው ብሎኑ ላይ ቀረ።

«ያን ሲፈርዱ ደካማ ነዎት ያለ ሰው የለም» አለች ቀስ ብላ።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። «ኦቦ፣» አልኩ፣ «የአውሮፕላን አይደለም። ቶርኖ ቤት ደጃፍ ከቁርጥራጭ ብረት መሀል ያነሳሁት ነው። ላስቃችሁ ብዬ ነው።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔም አላመንኩህም ነበር» አሉ። «አይሰበርም ያልከውን ነው የወደድኩት።»

ከዚያ የብሎን መፍቻ አነሱ። ብሎኑን ፈትተው አወጡት።

በማግስቱ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ቆመ። ጋሮማ አውድማው ዳር ተቀምጦ ከቆርቆሮ ጣሳ ለስላሳ ብሎን እያወጣ በግራ እጁ ያቀብላል። በሦስተኛው ጊዜ እርጥብ ነዶ የዱርሲቱን ሻሽ ጫፍ ይዞ ገባ። ብሎኑ ቀጭ አለ። ሞተሩ ጮኸ፣ ከበሮው ግን ቆመ። ሻሹ ተቀደደ፤ እሷ በእግሯ ቆማ ቀረች። «ቆመ እኮ!» ያለ ሰው አልነበረም።

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ግን ማሽን ያላችሁ ስሙኝ። የሚሰበረውን ብሎን በጠንካራ አትለውጡ። የተንዘረፈፈ ልብስ ለብሳችሁ አታጉርሱ። ሲቆም ሞተሩን ሳታጠፉ እጃችሁን አትስደዱ። የአንድ ብሎን መሰበር የሚያስቀረው ሥራ ቢበዛ የሩብ ሰዓት ነው፤ አለመሰበሩ ግን ጋሮማ ቤት ያመጣውን አይቻለሁ። ሰው ለማሳቅ የምታወሩትንም ማን እንደሚሰማው እዩ።

ኦቦ ጂሬኛ የተሰበረውን ብሎን ከአፈሩ ላይ አነሱና ጠራርገው ለምራታቸው ሰጧት። «ያዢው፤ ክንድሽን ያተረፈው ይኼ ነው» አሏት።

ዱርሲቱ በሁለት እጇ ተቀበለች። ጋሮማ ሁለቱን እጆቿን አየና ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ።