ከሾላው ሥር የቆመችው መኪናዬ

ኪሊማኒ ሰፈር የምንኖርበት አፓርታማ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ጥቅምት ላይ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ያርፉበታል፤ እኛም ጎረቤታሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን እናያቸዋለን። ታዲያ የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሀብቶም ስብሰባ ላይ ተነስተው «ዛፉ ይቆረጥ! ኩሳቸው መኪና ጨረሰ፤ ከሥሩ ማን ያቆማል?» አይሉ መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። «እኔ አቆማለሁ! የኔን ፓርኪንግ እርስዎ ይውሰዱት» አልኳቸው። ቦታ ተቀያየርን፤ ዛፉም ተረፈ።

ባለፈው እሑድ ነጯ መኪናዬ ዝንጉርጉር ሆና ቤተክርስቲያን በር ላይ ስትደርስ ጋሽ ሀብቶም አይተው «ኧረ ልጄ፣ እጠቢያት! ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ወፎቹ መች ሄዱ፣ ጋሽ ሀብቶም? እንግዳ እያለ ቤት ይጠረጋል እንዴ?» ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ።