አለሙ ተኝቷል

ብስክሌት ተወዳዳሪው ልጅ ከክለቡ ለእረፍት በመጣ በማግስቱ በራችንን አንኳኩቶ ነበር። «አለሙ ተኝቷል» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አልተኛም ነበር፤ የተሰበረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ራዲዮ ያዳምጥ ነበር። በእኛ በአማን ሰፈር፣ በቀን በር ላይ «ተኝቷል» የተባለ ሰው «ሁለተኛ አትምጣ» እንደተባለ ያውቃል። ልጁም ገባው። በፌስታል የያዘውን የአዲሱን ቡድኑን ማሊያ «ለእሱ ነው» ብሎ ሰጠኝና ሄደ። አልጋዬ ሥር ወሸቅኩት። ብስክሌት የሚጠግነውና የሚያከራየው አለሙ፣ ከመሬት አንስቶ ያሠለጠነው ልጅ ቡድን መቀየሩን ከራዲዮ መስማቱ አንገብግቦኝ ነበር።

ይህም አልበቃኝም። በ2006 ክረምት፣ ልጁ ወደ ክለቡ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በወለላ ጭማቂ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ጥግ ይዞ አገኘሁት። ለወለላ እያወራሁ፣ እሱ እንዲሰማ፣ እንዲህ አልኩ።

«ወለላዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ዝናቡ ዛሬ ትንሽ ፋታ ሰጠን አይደል? እስቲ አንድ አቮካዶ፣ ስኳር ሳይበዛ። ጭቃው እኮ! ከአማን ሚዛን እስክደርስ ጫማዬን መሸከም አቃተኝ። ‹ምነው በባጃጅ ብትመጪ› እንዳትይኝ፤ ባጃጁን ሁሉ ስፖርተኞች ይዘውታል። ምን ይደረግ፣ እረፍት ላይ ናቸው! ዓመቱን ሙሉ ሲነዱ ከርመው፣ ክረምት እንኳ ሌላ ሰው ይንዳላቸው እንጂ።

ምን ታዪኛለሽ? ስለማንም አላወራሁም።

እኔ ስለ ብስክሌት ምን አውቃለሁ? አለሙ ሲል የሰማሁትን ነው። ፊት የሚነዳው ነው አሉ ነፋሱን የሚጠጣው። ከኋላ ጎማውን ተጠግቶ የሚመጣው እምብዛም አይደክመውም። ከዚያ መድረሻው ብቅ ሲል... ሹልክ ብሎ ቀድሞ ይገባል። ነውር የለውም፣ ሕጉ ነው! እንዲያውም ብልህነት ነው የሚሉት። ያ ሞኝ ወንድሜ የቴፒን መንገድ በዚያች በኪራይ ብስክሌቱ ስንት ዓመት ፊት ፊት ሲነዳ፣ ከኋላው የሚመጣው እንዲህ ብልህ መሆኑን መቼ ጠረጠረ? ነፋሱን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ይኸው ዘንድሮ የሰው ጣራ ሊጠግን ወጥቶ ወደቀ።

‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር› ይላሉ። ጠጠሩስ ቢሆን ዝም ብሎ ይጣላል እንዴ? ቆጣቢ ሰው ጠጠሩንም ለራሱ ያስቀምጣል። ‹ውሻም በበላበት ይጮሃል› ሲሉ ደግሞ እሰማለሁ... አንዳንዱ ግን አስተዳደጉ ሆኖ ድምፁን አያሰማም። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው!

ምንድን ነው የተንቋቋው? ወንበር ነው? አስጠግኚው ወለላ፣ ኋላ ሰው ይዞ ይወድቃል። እረፍት ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሰው ትንሽ ይከብዳል።

ቱታውስ፣ አየሽው? እንዴት ያለ ቀለም ነው! ከላስቲኩ አሁን የወጣ ይመስላል፣ ላብ የሚባል አልነካውም። የድሮው ቡድን ቱታ ታጥቦ ታጥቦ ነጥቶ ነበር፤ እንኳን ጣሉት። አዲስ ሲገኝ አሮጌው ይጣላል፤ ጎማም እንደዚያ ነው፣ ሰውም... ለአለሙ አንድ ማሊያ ቢመጣለት ኖሮስ ምን ይሠራለታል? በጄሶው ላይ ሊለብሰው ነው? ባዶ እጅ መምጣት ያሳፍራል ይባላል። ጭራሽ ካልመጡ ግን ምኑ ያሳፍራል?

አንቺ ደግሞ ሳቅሽን አትጨርሺም! እኔ አልቀለድኩም። አለሙ በየጠዋቱ ‹ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ› ይላል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ‹መጣ?› ሲለኝ፣ ‹የትልቅ ቡድን ሰው መሆን ቀላል መሰለህ? ልምምድ ላይ ይሆናል› እለዋለሁ። ያምነኛል። ያችን አሮጌ ብስክሌት እፊቱ አስቁሞ በጨርቅ ይወለውላታል፤ ‹ሲመጣ እስከ ገበያ አንዴ ይነዳልኛል› ብሎ። ነገ እንኳ አውቶቡሱ በደጃችን ሲያልፍ በመስኮት ያየዋል። ምን ጎደለበት?

በይ ልሂድ፣ ዝናቡ ሳይመለስ። ለእንግዶቻችን ግን መርቄ ልሂድ። ምርቃት እንደሆነ አይከፈልበትም። ጌታ እግራቸውን ይጠብቅላቸው። አዲሱ ቡድናቸው አሮጌ አይሁንባቸው። ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ እጁን ይዘው የሚያሳድጉት፣ ነፋሱን የሚጠጡለት ልጅ ይስጣቸው። የወደቁ ቀንም ያ ልጅ... ልክ እነሱ አለሙን እንደጠየቁት ይጠይቃቸው። አሜን በዪ እንጂ ወለላ!»

«አሜን» ያለችው ወለላ አልነበረችም። ልጁ ነው፤ ታላቅ ሲመርቅ እንደሚደረገው ብድግ ብሎ። «መጥቼ ነበር» አላለም። «ማሊያውንስ?» አላለም።

ማሊያውን ለአለሙ የሰጠሁት በማግስቱ፣ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ነው። ማን እንዳመጣው ነገርኩት፤ በር ላይ ማን እንደመለሰው ግን አልጠየቀኝም። ማሊያውን ለብሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።