ሙቁ ወለል

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ አባባ ናም ማገዶ ተሸክመው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ የጤና ጣቢያዋ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ሱልጊ ደረሰችብን። የእሳቸው ልጅ ዶክቤ ጋም ከሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ሦስት ወሩ ነበር። የጫፉን ፍሬ ለወፍ መተው ልማዳችን ነው፤ እሱ ግን ስስት ያዘው። በእኛ አገር ቤት የሚሞቀው የምድጃው እሳት ከወለሉ ሥር እያለፈ ነው፤ የምንተኛውም እዚያው ወለሉ ላይ ነው።

«አባባ፣ ዛሬም እሳት?» አለች።

«ታዲያስ! የታመመ ሰው የሚተኛው በምድጃው በኩል፣ ወለሉ በሚግልበት ነው። ወገቡን ያመመው አባቴ የዳነው በዚያ ነው። ጅማት ሲሞቅ ይፈታል።»

«አባትዎ ሙቀቱ ይሰማቸው ነበር። የዶክቤ እግር ግን ደንዝዟል፤ ሲቃጠል ማን ይነግረዋል?»

«እኔ አባቱ የለሁም እንዴ?»

ግትርነታቸው አናደደኝ። እኔም ዝም ማለት አልችልበትም፤ «እንግዲያው ገብተን እንየው» አልኩ።

ሱልጊ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ተረከዙ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ዶክቤ ግራ ገብቶት «ምን አያችሁ?» አለ። አባባ ናም ባሉበት ቁጭ አሉ።

«በገዛ እጄ ልጄን ጠበስኩት!»

ሱልጊ ቁስሉን አጥባ እየሸፈነች፣ «ከዛሬ ጀምሮ እሳቱ ይቀንስ፤ እሱም ልምምድ ይጀምር» አለች።

«ልምምድ? የተሰበረ እንዳይነካ ነው የማውቀው።»

«አጥንቱማ ገጥሟል። ውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር፣ የነርቮቹ ገመድ፣ ደግሞ ተጎዳ እንጂ አልተበጠሰም። አባባ፣ አምና ናዳ የገበያውን መንገድ ሲዘጋው በየት ሄዳችሁ?»

«በተራራው ጥግ።»

«መንገድ ነበረው?»

«የት አባቱ! በየቀኑ ስንረግጠው ጊዜ ወጣ።»

«የተረፉት ነርቮችም እንደዚያው ናቸው፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ ሌላ መሄጃ ይፈልጋሉ። ካልተረገጠ ግን ዳዋ ይውጠዋል።»

«ይድናል ነው የምትይኝ?»

«እንደ ድሮው ይሮጣል ብዬ አልዋሽዎትም። ተኝቶ ግን ምንም አያገኝም።»

ያን ጊዜ ዶክቤ ጎሮሮውን ጠረገ። «አባዬ፣ አይቆጡኝ። እስቲ የግራ እግሬን አውራ ጣት ይዩልኝ።»

አየን። ጣቲቱ ትንሽ ወደ ላይ ብድግ አለች።

«እርስዎ ማገዶ ሲያመጡ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ እሞክራለሁ።»

«አንተ ሌባ!» አሉና ያችን ጣት በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ቀጥለውም ማሉ፦ «ልጄ ቆሞ እስኪሄድ ሙቁ ቦታ ላይ አልቀመጥም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ሙከራ ሆነ። ሱልጊና አባባ ናም ግራና ቀኝ ደግፈው ያቆሙታል፤ ይወድቃል፣ ይሳደባል፣ እንደገና ያቆሙታል። ቀኝ እግሩ ዛሬም ይጎተታል። ቢሆንም የመኝታ ቁስል አላገኘውም፣ ጡንቻው አልከሳም፣ ከሁሉም በላይ መጸዳጃ ቤት በተሽከርካሪ ወንበር ለብቻው ይሄዳል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ለአንድ ጎልማሳ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።

በተከታዩ መከር እራት ጠሩን። አባባ ናም እንደ መሐላቸው በሩ ሥር ብርድ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክቤ በሁለት ክራንች ተነሥቶ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ምድጃው ጥግ ሄደ። በክራንቹ ወለሉን መታ መታ አደረገ።

«ይምጡ አባዬ፤ ሙቁ ቦታ የታላቅ ነው።»

ሽማግሌው ሄደው ተቀመጡ።

«ኧረ ያቃጥላል!» አሉ፤ ግን ፈቅ አላሉም።